ያላየኋት ጎል

ለቡ አዲስ በሚሠራ አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሴራሚክ ሳነጥፍ፣ ከታች ግቢው ውስጥ የቀን ሠራተኞች አጥሩን ሊቀቡ ኖራ ግማሽ በርሜል ውሃ ውስጥ ገለበጡ። ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል። እንፋሎቱ መስታወት ባልገባለት መስኮት በኩል መጣና ሴራሚኩን እንደያዝኩ ቆምኩ። እርጥብ ድንጋይና እርጥብ አመድ አንድ ላይ የሚሸት ነገር ነው። ለሌላው ሰው የግንባታ ሽታ ይሆናል። ለእኔ የኳስ ሜዳ ሽታ ነው፤ ዐሥር ዓመት የሞላኝ ክረምት ሽታ።

ቀኑ ሰኞ ነበር። በዋዜማው ልጄን ናሆምን ተቆጥቼው ነው ያደርኩት። የሚደግፈው የአውሮፓ ቡድን ሊሸነፍ ሲል፣ የመጨረሻዋ ጎል ልትገባ ስትል፣ ቴሌቪዥኑን ድርግም አደረገው። አጠገቡ አብዱ ተቀምጦ ነበር። አብዱ የጎረቤታችን የአቶ ከድር ልጅ ነው፤ ሁለቱ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አብረው ያደጉ ናቸው፤ ጥፋቱ የሌላኛው ቡድን ደጋፊ መሆኑ ብቻ ነው። ናሆም «ውጣ ከቤታችን» አለው። ልጁ የጫማውን ክር ሳያስር ወጣ።

እኔ መጮህ አልወድም፤ ምክር ግን አበዛለሁ። ልጆቼ ይህን ያውቁብኛል። ትምህርት ቤት ብዙ አልዘለቅኩም፤ የማውቀውን ያወቅኩት ከአሮጌ መጻሕፍትና ከሥራ ነው። ራሱን ያስተማረ ሰው ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ማስተማር ያምረዋል። ናሆምን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ስለ ጎረቤት፣ ስለ እንግዳ ክብር፣ ስሙን እንኳ ለማያውቅ ቡድን ብሎ ጓደኛን ስለማባረር ረዘም ያለ ንግግር አደረግሁ።

«ለመሆኑ ጎሏን አይተሃታል?» አልኩት በመጨረሻ።

«አላየኋትም። ማየትም አልፈልግም።»

እዚህ ላይ ንግግሬ ተቋረጠ። ናሆም ቀና ብሎ አየኝ፤ ምክር ጀምሬ ሳልጨርስ ተነሥቼ አላውቅማ።

ያደግነው ዛሬ ሀይሌ ጋርመንት ከምንለው አደባባይ ወረድ ብሎ ነው። አሁን ሞባይል መሸጫዎች ከሥሩ የተደረደሩበት ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ያለበት ቦታ ሜዳችን ነበር። በላይ በኩል ባሕር ዛፍ፣ በታች በኩል ወንዝ ነበረ። የላይኛው ጫፍ ጭንጫ ስለሆነ ክረምትም ቢሆን ውሃ አይዝም፤ የታችኛው ግን ጭቃ ነበር። ሜዳው ወደ ወንዙ ያዘነበለ ስለሆነ፣ ላይ ያስቀመጥካት ኳስ ማንም ሳይነካት ትንከባለላለች። ስንቷን ከወንዝ አውጥተናል! እንግዳ ቡድን በዚህ ሲሳሳት እንስቅ ነበር። ሜዳውን ከእኛ በላይ የሚያውቀው የለም ብለን እናምን ነበር።

ትምህርት ሲዘጋ የሰፈሮች ውድድር ይጀመራል። የእኛ ቡድን ስሙ ነበልባል ነው። ከፉሪ በኩል የሚመጡት ማዕበል ይባላሉ። ያንን ስም ያወጡት እኛን ለማጥፋት ብለው ይመስለኝ ነበር፤ ውሃ እሳትን ያጠፋላ። ስማቸው ከእኛ ስም በፊት የነበረ መሆኑን ብዙ ቆይቼ ነው የሰማሁት።

ወንድሜ ግርማ የነበልባል አምበል ነበር። በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን የከባድ መኪና ሾፌር ሆኖ አሰብ መንገድ ላይ ስለሚከርም፣ ጫማዬን የሚገዛልኝም፣ ጆሮዬን የሚቆነጥጠኝም ግርማ ነበር። ቢጫ ማሊያው ላይ ያለችው ስምንት ቁጥር በታጠበች ቁጥር ትደበዝዛለች፤ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ በጥቁር እስክሪብቶ አደምቃታለሁ። ከዚያ የሚበልጥ ማዕረግ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ከማዕበሎች ሁሉ የምጠላው ጉታን ነበር። ጉታ ግራ እግሩን የሚጠቀም ቀጭን ልጅ ነው። ጠዋት ጠዋት ከፉሪ ወተት ይዞ ሰፈራችን ይመጣል፤ የእኛንም ቤት ወተት የሚያመጣው እሱ ነበር። ውድድሩ በተጀመረ ሳምንት ወተት አልጠጣም አልኩ።

«ምን ሆነህ ነው? አመመህ?» አለች እናቴ።

«የማዕበል ወተት ነው።»

«ኧረ የላም ወተት ነው፣ አንተ ቀልደኛ! ጠጣ አሁን!»

አልጠጣሁም። ለብዙ ሳምንት በባዶ ሻይ ቆየሁ። ጉታ ይህን ከሰማ በኋላ በራችን ላይ ሲደርስ «ያ ትንሹ ነበልባል እንዳያቃጥለኝ» እያለ ይስቅ ነበር። እኔ ሲስቅ ይበልጥ እጠላው ነበር።

የሜዳውን መስመር የሚያሰምሩት ጋሽ ሽኩር ናቸው። ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ፣ ሜዳው በማይታይበት በኩል፣ በቆርቆሮ የተሠራች ጠባብ ቤት ነበረቻቸው። እዚያ ጫማ ይጠግናሉ፤ የተቀደደ ኳስ ይሰፋሉ። ቤቷ የሰም፣ የቆዳና የማስቲሽ ሽታ ነበራት። ቀኝ እግራቸው አይታጠፍም፤ ሲራመዱ ወደ ጎን ወርወር ያደርጉታል። ወጣት ሳሉ ጥሩ ተጫዋች ነበሩ ይባላል፤ ከአፋቸው ግን ሰምቼ አላውቅም። ከሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ ቡድን የሌላቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሲጠየቁ «እኔ የኳስ ነኝ» ይላሉ።

ይህ መልስ አያሳምነኝም ነበር። ሰው እንዴት የኳስ ይሆናል? ኳስ ሰፈር የላትም።

በጨዋታ ቀን ዱካቸውን፣ ያቺን አጭር በርጩማ፣ ይዘው መሐል ሜዳው ዳር ይቀመጣሉ። አንድ ተጫዋች ያማረ ነገር ሲሠራ፣ የየትኛውም ቡድን ቢሆን፣ ሁለት ጊዜ ያጨበጭባሉ። ሁለት ጊዜ ብቻ። ጧ፣ ጧ። መዳፋቸው ከኖራ ተለይቶ ስለማያውቅ በየጭብጨባው ነጭ ብናኝ ቡን ይላል። አይጮኹም፤ አይነሡም። ጎል ገብታ ሳያጨበጭቡ የሚቀሩበት ጊዜ ነበር፤ ምንም ጎል ሳይገባ የሚያጨበጭቡበት ጊዜም ነበር።

ለእኔ ግን ነገሩ ግልጽ ነበር። ይህ ምልክት ነው። ሽማግሌው ለማዕበል በጭብጨባ ምስጢር ያቀብላሉ ብዬ ቁጭ አልኩ። ከወጥ ቤታችን በር ጀርባ በከሰል መቁጠር ጀመርኩ፤ በአንድ ወገን ለእኛ ያጨበጨቡት፣ በሌላ ወገን ለማዕበል ያጨበጨቡት። ማዕበል በተጫወተበት ቀን ሁሉ የእነሱ መስመር ይረዝማል። ጉታ ቆንጆ ስለሚጫወት ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ አንድም ቀን አልመጣልኝም። ቆጠራውን ለግርማ አሳየሁት። «ጎበዝ፣ ቁጠርልኝ» ብሎ ራሴን ዳበሰኝ። ያቺ ዳበሳ ብዙ አስከፍላለች።

ጋሽ ሽኩርን እንድረዳቸው የላከኝም ራሱ ግርማ ነው። «ቤት ውስጥ እማዬን ከምትበጠብጣት ሂድና አግዛቸው» አለኝ። እኔ ደግሞ ለስለላ የተላክሁ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ሥራው እሑድ ጠዋት ነው፤ ቀድሞ ቢሰመር ዝናቡ ያጥበዋላ። አንድ ረጅም ገመድ አለች፤ በየርቀቱ ተቋጥራለች። አንዷ ቋጠሮ ለትንሿ ሳጥን፣ አንዷ ለትልቋ፣ በመሐል በቀይ ጨርቅ የታሰረችው ለፍፁም ቅጣት ምት ነጥብ ናት፤ ጋሽ ሽኩር ሪጎሬ ነው የሚሏት። እኔ የገመዷን ጫፍ ጎሉ መስመር ላይ ረግጬ እይዛለሁ። እሳቸው ሥሯ በሚስማር የተበሳሳ የዱቄት ወተት ጣሳ ይዘው እያራገፉ ይሄዳሉ። ጥቁሩ መሬት ላይ ነጭ መስመር ከኋላቸው ይወጣል። እስካሁን ከዚያ የበለጠ ቀጥ ያለ ነገር በሥራዬ አላየሁም፤ እኔ ውሃ ልክ ይዤ የምሠራ ሰው ነኝ።

«ኖራ በእርጥብ እጅ አይነካም» ይሉኛል ሁልጊዜ። «ይበላል።»

የምር ጥርስ ያለው ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ድፍረት አገኘሁና ጠየቅኋቸው።

«ጋሽ ሽኩር፣ ለማን ነው የሚያጨበጭቡት?»

«ለኳሷ።»

«ባለፈው ለጉታ አጨብጭበዋል።»

«አላየኸውም እንዴ? ሦስት ሰው ነው እኮ መሬት ላይ ያስቀመጠው!»

«አንዱ ግርማ ነው!»

«ታዲያ ግርማስ ቆንጆ አድርጎ አልተቀመጠም?» ብለው ሳቁ፤ ጣሳዋ በሳቃቸው ተወዛወዘችና መስመሩ ጎበጠ። ወዲያው ሳቃቸውን አቁመው ተንበርክከው የጎበጠውን አጠፉት። የማይታጠፍ እግራቸውን ወደ ጎን ዘርግተው፣ በብዙ ችግር። «እየው» አሉኝ፣ «ይቺን አንድ ጣት ካዛባኋት ዛሬ የሚያሸንፈውም አላሸነፈም፣ የሚሸነፈውም አልተሸነፈም። ከንቱ ነው የሚሯሯጡት።»

ሰማሁ፤ ግን የሰማሁት አንድ ሰላይ እንደሚሰማ ነው።

ነበልባልና ማዕበል የሚገናኙበት እሑድ ደረሰ። ሌሎች ጨዋታዎች ቢቀሩም ይህን ያሸነፈ ዋንጫውን ሊወስድ ነው ይባል ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ ጠዋት ካፊያ ነበር። ጋሽ ሽኩር ቤታቸው በር ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሉ።

«ዛሬ እምቢ አለኝ» አሉ። «አንተ አስምር። ዓይንህ ከእኔ ይሻላል። ገመዷን ግን እመን፤ ዓይንህንም ቢሆን አትመን።»

ገመዷንና ጣሳዋን ሰጡኝ። ጫፏን የምትይዝልኝ አንዲት ድንጋይ ናት። ብቻዬን ሜዳው ላይ ቆምኩ። የባሕር ዛፉን ጎል በትክክል አሰመርኩ፤ ነጥቧንም ቋጠሮዋ ላይ አደረግኋት። የወንዙንም ጎል በትክክል አሰመርኩ፤ ነጥቧንም ቋጠሮዋ ላይ አደረግኋት። ከዚያ ቆሜ ሳያት ጉታ ኳስ ሲያስቀምጥባት ታየኝ። ያን ስስ ሳቁን ሲስቅ ታየኝ። ተንበርክኬ ነጥቧን በመዳፌ ከጭቃው ጋር ጠርጌ አጠፋኋት። ከጎሉ ሦስት ትላልቅ እርምጃ ወደ ኋላ ርቄ ሌላ ነጥብ ሠራሁ።

ከዕረፍት በኋላ ቡድኖች ጎል እንደሚቀያየሩ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። የሰፈር ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ግን በዚያች ሰዓት በጭንቅላቴ ውስጥ የወንዙ ጎል ጉታ የሚመታበት ጎል ብቻ ነበር። ሰው ለወገኑ ብሎ ክፉ ሲያስብ የጨዋታውን ግማሽ ብቻ ነው የሚያስበው። ይህን የምለው ልምከር ብዬ አይደለም፤ የሆነው እንዲያ ስለሆነ ነው።

ወደ ቤት ስመለስ መዳፌ ይለበልበኝ ጀመር። ኖራው ያወቀብኝ መሰለኝ።

ሜዳው ዳር እስከ ዳር ሰው ሞላው። ግርማ ዕጣውን አሸነፈና በመጀመሪያው አጋማሽ ወደ ላይ ለመጫወት መረጠ፤ ሰው በሚደክምበት ሰዓት ቁልቁለቱን ለእኛ ለማስቀረት ነው። ስለዚህ ማዕበሎች መጀመሪያ ወደ ወንዙ ጎል ተጫወቱ። ጉታ በተጠለፈ ቁጥር ፊሽካ እጠብቃለሁ። ሪጎሬ አልተገኘም። ዜሮ ለዜሮ ዕረፍት ወጡ።

ሲመለሱ ግርማ ከፊቴ አልፎ ወደ ወንዙ ጎል ፊቱን አዞረ። ያኔ ነው የገባኝ። ያቺ ነጥብ አሁን የእኛ ናት። መናገር እችል ነበር። ጋሽ ሽኩር ከእኔ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ዱካቸው ላይ ተቀምጠዋል። «ጋሽ ሽኩር» ብዬ መጥራት ብቻ ነበር። አልጠራሁም። ሪጎሬ ባይገኝስ ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

ተገኘ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ግርማን ሳጥን ውስጥ ጣሉት። የእኛ ሰፈር ሰው ከአሁኑ ጨፈረ። ግርማ ኳሷን አስቀመጠ፣ ወደ ኋላ ሄደ፣ ጎሉን አየ፣ ተመልሶ ኳሷን አየ። ከዚያ ወደ ዳር ጮኸ።

«ጋሽ ሽኩር! ነጥቧ አልራቀችም?»

ጋሽ ሽኩር ዓይናቸውን ከለል አድርገው አዩ። ከተቀመጡበት አይለይም። ወደ እኔ ዞሩ።

«በገመዷ ነው ያደረግካት?»

ራሴን ነቀነቅሁ። አዎ፣ በገመዷ።

«በገመድ የተለካች ናት!» ብለው ጮኹ። «ምታ!»

መታ። ጭቃው ኳሷን ያዘ፣ ርቀቱም ያዛት፤ በረኛው ወድቆ ደረቱ ላይ አቀፋት። ተነሥቶ ወዲያው ወደ ላይ ለጉታ ወረወረለት። ጉታ ሲሮጥ አየሁት። ግርማም ከኋላው ሲሮጥ አየሁት። ከዚያ በኋላ ያለውን አላየሁም። ፊቴን ወደ ወንዙ አዞርኩ። ማየት አልፈለግሁም። ወንዙ ደፍርሶ ይወርዳል፤ አንድ የፕላስቲክ ጫማ ተገልብጦ ይሄዳል፤ እሱን አያለሁ። ከጀርባዬ የእኛ ሰው ድምፅ ሲቆረጥ ሰማሁ። የማዕበል ሰው ሲፈነዳ ሰማሁ። ከሁሉም በኋላ፣ ከአጠገቤ፣ ጧ፣ ጧ።

ነጩ ብናኝ ጉንጬን ነካኝ። ጎሏ ቆንጆ እንደነበረች ያወቅኩት በዚያ ነው።

ዳኛው እንዳበቃ ግርማ ማንንም ሳይሰማ ወደ ወንዙ ጎል ሄዶ ከጎሉ እስከ ነጥቧ በእርምጃ ለካ። ከዚያ ሽቅብ ሜዳውን አቋርጦ የባሕር ዛፉን ለካ። ሕዝቡ ከኋላው ይከተለዋል።

«እዚህ ዐሥራ ሁለት! እዚያ ዐሥራ አምስት!» ብሎ ጮኸ። «ሸጡን! ለዚህ ነው ለማዕበል የሚያጨበጭበው! ወንድሜ ቆጥሮታል፣ ቤቴ መጥታችሁ እዩ፣ በከሰል ተጽፏል!»

የውድድሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ መኮንን መጡ። ማዕበሎችም መጡ፤ ሁሉም ተያይዞ ወደ ወንዙ ጎል ወረደ። ጉታ «ኧረ ሽማግሌ አትስደቡ፣ እኛም በመጀመሪያው አጋማሽ ወደዚህ ጎል ተጫውተናል» አለ፤ ማንም አልሰማውም። ጋሽ ሽኩር እግራቸውን እየወረወሩ ደርሰው ነጥቧን አዩ። ጭቃው ላይ፣ ቀድሞ ነጥቧ የነበረችበት ቦታ፣ አምስት ጣቶች የጠረጉት ነጭ ጥላ ይታያል። ትንሽ እጅ ነው። ከዚያ እኔን አዩ። እጄን ብብቴ ሥር ከትቼዋለሁ።

«ያሰመርኩት እኔ ነኝ» አሉ ለአቶ መኮንን። «ካጠፋሁ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ሜዳ እንዳይገቡ» አሉ አቶ መኮንን።

ጋሽ ሽኩር ዱካቸውን አንሥተው ሄዱ። ያን ያህል ሰው ቆሞ መንገድ ሲለቅላቸው፣ አንድም ሰው ዱካዋን አልተቀበላቸውም። እኔም አልተቀበልኳቸውም።

በሦስተኛው ቀን መዳፌ አብጦ ውሃ ቋጠረ። እናቴ የጋለ ነገር ነክቼ መሰላት። ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ ሄድኩ። ልናገር ነው የሄድኩት፤ መንገድ ላይ ቃላቱን ደጋግሜያለሁ።

«ግባ» አሉ ከሚሰፉት ኳስ ቀና ሳይሉ። «እጅህን አሳየኝ።»

ዘረጋሁ። ብዙ ጊዜ አዩት። ቫዝሊን አውጥተው ቀቡኝ፤ ንጹሕ ጨርቅ ቀድደው አሰሩልኝ።

«በእርጥብ እጅ አይነካም አላልኩህም?»

«ብለውኛል። ጋሽ ሽኩር፣ እኔ እኮ...»

«ወስፌዋን አቀብለኝ።»

አቀበልኳቸው። ሰም የተቀባው ክር ቆዳውን ሲያልፍ ጭር እያለ ይጮኻል። ከመነዳሪውን፣ አየር የሚይዘውን የውስጡን ጎማ፣ አስገብተው የመጨረሻውን ስፌት ሳቡ።

«የጉታን ጎል አየሃት?»

«አላየኋትም። ፊቴን አዙሬ ነበር።»

ያኔ እጃቸው ቆመ። ከሜዳ ሲያባርሯቸው ያላየሁት ሐዘን ፊታቸው ላይ መጣ።

«ሌላው ይሁን» አሉ። «ሌላው የልጅ ነገር ነው፣ ታድጋለህ። ይቺን ግን አዘንኩልህ።»

«ይንገሩኝ።»

«እኔ ከዳር ነው ያየሁት። ይቺ መሐል ከነበረ ሰው ነው የምትሰማው። ወንድምህን ጠይቀው፤ እሱ ነው ከሁሉ ቀርቦ ያያት።»

ግርማን ስለ ጉታ ጎል መጠየቅ! ቤታችን ውስጥ የጉታ ስም ከተነሣ ሰሃን ይወረወር ነበር።

ልወጣ ስል ጠሩኝ። «እኔ አልገባም፤ አንተ ግን ትገባለህ። የቀሩትን ጨዋታዎች እሑድ እሑድ እየመጣህ ንገረኝ። ማን እንዳሸነፈ ግን እንዳትነግረኝ። እሱን መጨረሻ ላይ ስጠይቅህ ነው።»

የቀረው ሦስት እሑድ ነበር። በመጀመሪያው እየሮጥኩ ገባሁና «ነበልባል ሁለት ለ...» ስል «ኧረ ዝም በል!» ብለው አቋረጡኝ። «መጀመሪያ ኳሷ የት ነበረች?» ያየሁት ቢጫ ማሊያ ብቻ ነበር። ኳሷን አላየኋትም። ዘጠና ደቂቃ ቆሜ ባዶ እጄን መጣሁ።

በሁለተኛው እሑድ አፍጥጬ አየሁ። ጉታ አንድ ኳስ ሊቀበል መስሎ በእግሮቹ መሐል አሳልፎ ከኋላው ለነበረ ጓደኛው ሲተውለት አየሁ። ሳይነካት አቀበላት። እንዴት እንዳደረገው ተነሥቼ አሳየኋቸው፤ በጫማ ሳጥኖቹ መሐል እግሬን ከፍቼ። ጋሽ ሽኩር ሁለት ጊዜ አጨበጨቡ። ኖራ ስለሌለ ብናኝ አልነበረም። ድምፁ ብቻ ነበር። አንድ ነገር የጎደለ ይመስላል፤ ያጎደልኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ ጠዋት ወተቱን ጠጣሁ። እናቴ አይታኝ ብርጭቆዬን ደግማ ሞላችው።

በሦስተኛው እሑድ ብዙ አወራን። ስለ አንድ በረኛ፣ ስለ አንድ ኮርና፣ ግርማ ራሱ በረጅሙ ስለላካት አንድ ኳስ። ስወጣ ማን እንዳሸነፈ አልጠየቁኝም። እኔም ለመንገር አላስታወስኩም።

ዕንቁጣጣሽ አልፎ ትምህርት ሲከፈት የቆርቆሮዋ ቤት ቁልፍ ተንጠልጥሎባት አገኘሁ። ልጃቸው መጥታ ወራቤ ወሰደቻቸው አሉኝ። ለኮሚቴው ሳልናገር፣ ለግርማ ሳልናገር፣ እንዲህ አለፈ። ዱላ ፈርቼ አይደለም። ያቺን ራሴን የዳበሰችኝን እጅ ማጣት ፈርቼ ነው።

ግርማ እስከ ዛሬ በየዓውደ ዓመቱ ይህን ታሪክ ይናገራል። «አንድ ሽማግሌ ዋንጫዬን ሸጠብኝ» ብሎ ይጀምራል። ልጆቼ በቃላቸው ያውቁታል፤ ይስቃሉ። እኔ ወጡን አወጣለሁ፤ ውሃ ልጨምር እያልኩ እነሣለሁ።

ሰኞ ዕለት ከሥራ ስመለስ እጄን ሳልታጠብ የቤቴ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ናሆም ሊያልፍ ሲል አስቀመጥኩትና ሁሉን ነገርኩት። ምክር አልጨመርኩበትም።

«አጎቴ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት?»

እጆቼን አገላበጥኩ። «ትናንት ግን እኔን...» ብሎ ጀመረና ተወው። ስልኬን ከኪሴ አውጥቶ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠልኝ። ከዚያ ተነሥቶ በበሩ ወጣ፤ የአቶ ከድርን በር ሲያንኳኳ ሰማሁት።

ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጌ ደረጃው ላይ አኖርኩት። ግርማ አደባባዩ አጠገብ መለዋወጫ ይሸጣል፤ ከበስተኋላው የታክሲ ረዳቶች ይጮኻሉ።

«ደረጀ፣ ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው። ያቺ የሪጎሬ ነጥብ...»

«የተሸጠችው?»

«አልተሸጠችም። ያራቅኋት እኔ ነኝ።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ አየሁት።

«ስንት እርምጃ?» አለ።

«ሦስት።»

ስድቡን አልጽፈውም። ረጅም ነበር፤ ይገባኝም ነበር። ሲጨርስ ድምፁ ዝቅ አለ።

«ጋሽ ሽኩር ያውቁ ነበር?»

ሠላሳ ዓመት «ያ ሽማግሌ» ሲል ኖሮ፣ ስማቸውን ሲጠራ የሰማሁት ያኔ ነው።

«ያውቁ ነበር» አልኩት። «ግርማ፣ የጉታን ጎል አላየኋትም። ፊቴን አዙሬ ነበር። ንገረኝ።»

«አሁን ምን ታደርግልሃለች?»

«ንገረኝ።»

ከዚያ ሱቁን ለሰው አደራ ሲል፣ የታክሲውም ጩኸት ሲርቅ ሰማሁ።

«ሦስታችን ደርሰንበታል» አለ። «እኔ ከኋላው ነኝ፣ ትንፋሼ ማጅራቱ ላይ ነው። እሱ ኳሷን በሦስታችን መሐል ሽቅብ ላካት፣ ወደ ጎሉ፣ ወደ ጭንጫው። ሁላችንም ኳሷን ብለን በረርን። እሱ ቆመ። ገባህ? አልሮጠም። ዝም ብሎ ቆመ። እኛ አለፍናት፣ መዞር አቃተን፤ ኳሷ ዳገቱ ላይ ደከማት፣ ቆመች፣ ከዚያ ተመልሳ ቁልቁል ተንከባለለችለት። እግሩ ሥር። ደረጀ፣ ሜዳችን እኮ ነው! እኛ ያደግንበት! አንዳችንም አስበናት አናውቅም። ሜዳው ራሱ ነው ያቀበለው።»

እጆቼን አነሣሁ። ቀኑን ሙሉ የሴራሚክ መሙያ ሲያቦኩ የዋሉ ናቸው፤ ደርቀው ነጥተዋል። ሁለት ጊዜ አጨበጨብኩ። ብናኙ በመጨረሻው ፀሐይ ላይ ቡን አለ።

ግርማ ያን ጭብጨባ ያውቀዋል።

«ከዚያስ?» አልኩት። «በየትኛው እግሩ መታት?»

«በግራው» አለ። «በግራው ነዋ።»